ጐንደር ከተናወጠች በኋላ
በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ወድቃ እንዴት እንደ ተነሣች

ከተማን ድንጋይና ኖራ ያቆመዋል፤ ሲፈርስ መልሶ የሚያነሣው ምን እንደ ሆነ ግን መመርመር ይገባል። ይህ ነገር በኢትዮጵያ ምድር ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዲቱ የነገሥታት ከተማ የሆነችው ጐንደር ናት። ስለ ጐንደር ግንብ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ጐንደር ሊቃውንትም ብዙ ተነግሯል፤ በ1704 ዓመት ከተማዪቱን ስላናወጣት የምድር መንቀጥቀጥ ግን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ጐንደር ከዚያ ቀን በፊት ምን እንደ ነበረች፣ በዚያ ቀን ምን እንዳጣች፣ ከዚያም በኋላ በምን ኀይል እንደ ጸናች የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያንንም ሆነ ከተማን ለሚሠሩ ሰዎች የሚጠቅም ምክር ያገኛል። ዓመታቱ ለአንባቢ እንዳይምታቱ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

በቀድሞ አማርኛ «ከተማ» የሚባለው የንጉሡ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ነበር። ከጐንደር ዘመን በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ በድንኳን ይኖሩ ስለ ነበር፣ ንጉሡ ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ ንጉሡ ሲሰፍር ከተማው አብሮ ይሰፍራል። ማገዶውና ሣሩ ባለቀ ጊዜ ስፍራው ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ከተማ የምድር መንቀጥቀጥ ቢያገኘው ከድንኳን ካስማ በቀር የሚነቀል ነገር የለውም። ዓፄ ፋሲል በ1636 ዓመት ጐንደርን ሲቈረቍሩ ግን መንግሥት በአንድ ስፍራ ሥር ሰደደ። ስሙ በ«ጐ» ፊደል በሚጀምር ስፍራ ላይ የመንግሥት ከተማ ይሠራል የሚል ትንቢት ነበረ ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ትንቢቱን የሚቀበለውም የማይቀበለውም ሰው ስፍራው በጥበብ የተመረጠ መሆኑን አይክድም። ከተማዪቱ ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ተቀምጣ፣ በምሥራቅ አንገረብ በምዕራብ ቀሓ የሚባሉት ወንዞች ይከቧታል፤ በደቡብም የጣና ሐይቅ ሜዳ ተዘርግቶላታል። ውኃ በቅርብ አለ፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል፤ ለግንብ የሚሆን ጥቁር ድንጋይም በዙሪያዋ ሞልቷል።

ኖራን በድንጋይ መካከል እያደረጉ መገንባት በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ታወቀ፤ የልጃቸው የዓፄ ፋሲል ግንብም በዚሁ ጥበብ ታነጸ። ከፍታው 32 ሜትር ያህል ሆኖ፣ በአራቱ ማዕዘን እንቍላል የመሰለ ጕልላት የደፉ ማማዎች ቆመውለታል። የመስኮቱና የደጃፉ ቅስት ቀላ ባለ ድንጋይ ስለ ተሠራ ከጥቁሩ ግድግዳ ተለይቶ ያምራል። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ጻድቁ ዓፄ ዮሐንስ የጽሕፈት ቤትና የመጻሕፍት ቤት ሠሩ። ቅጥሩ እየሰፋ ሄዶ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ንጉሥ አልነበረም፤ ልጅ በአባቱ ግንብ አጠገብ የራሱን ግንብ የሚጨምርበት ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከተማዪቱን ኋላ እንዴት እንደ ጠቀማት በስፍራው ይነገራል።

በ1682 ዓመት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነገሡ። ኢትዮጵያ ታላቁ ኢያሱ ብላ የምታስባቸው እኒህ ንጉሥ በጦርነትም በሃይማኖት ጉባኤም በሕንፃም የታወቁ ናቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በነገሥታቱ ቅጥር ውስጥም ጣሪያው እንደ ኮርቻ የሆነ ግንብ ሠሩ፤ ይህም ግንብ ከቀድሞዎቹ ሁሉ በጌጥ የበለጠ ነበረ። ግድግዳው በዝሆን ጥርስና በመስተዋት፣ ጣሪያው በወርቅ ቅብና በከበረ ድንጋይ ያጌጠ እንደ ነበረ ይነገራል። በ1699 ዓመት ንጉሡን ለማከም ወደ ጐንደር የመጣው ፖንሴ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ያየውን የቤተ መንግሥቱን ክብርና ሥርዓት ጽፎ ለአውሮፓ አስታወቀ። በዚያ ዘመን ጐንደር በክብሯ ጫፍ ላይ ነበረች።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1704፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ያጌጠው የዓፄ ኢያሱ ግንብ ተጐዳ፤ ክብሩም እንደ ቀድሞው ሆኖ አልተመለሰም። የዓፄ ፋሲል ግንብ ግን ጸንቶ ቆመ። የሚያስደንቀው ነገር አዲሱ ተጐድቶ አሮጌው መዳኑ ነው። ምድር ስትናወጥ ከባድ ነገር በክብደቱ ልክ ይንገላታል፤ ድንጋይ ጫናን ይችላል እንጂ መሳብን አይችልም፤ ኖራም ደርቆ ከጠነከረ በኋላ መለጠጥን አያውቅም። ስለዚህ የግንብ ቤት ሲወዛወዝ በመገጣጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ከራስ በላይ ታጥፎ የተሠራ የድንጋይ ጣሪያም ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ መስተዋት፣ በጣሪያ ላይ የተቀባ ወርቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይረግፋል።

በዚያው ቀን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባሉት የሣር ጎጆዎች የተቀመጡትን ተማሪዎች አንባቢ ያስብ። የተማሪ ጎጆ እንጨቱ በልጥ የታሰረ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ነው። ምድር ስትወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል፤ ቢያዘም ይቀናል፤ ቢወድቅም በማግሥቱ ይተከላል። ድኻው ተማሪ በድኽነቱ የሠራው ቤት ንጉሡ በባለጠግነቱ ካሠራው ቤት ይልቅ ለእንዲህ ያለ ቀን የተመቸ ነበረ። በቅኔ ቤት እንደሚታወቀው ሰሙ ከላይ ይታያል፤ ወርቁ ከውስጥ ይገኛል። ጐንደርም በዚያ ዓመት የሚታየው ወርቋ ቢረግፍ፣ የማይታየው ወርቋ በጎጆዎቹ ውስጥ ቀረላት።

መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ የመንግሥቱም ነገር ተናወጠ። በ1706 ዓመት የዓፄ ኢያሱ ልጅ ተክለ ሃይማኖት በአባቱ ላይ ነገሠ፤ ታላቁ ኢያሱም በጣና ደሴት ሳሉ በዚያው ዓመት ተገደሉ፤ በምጽራሐ ደሴትም ተቀበሩ። አባቱን ያስገደለውን ልጅ ሕዝቡ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ጠራው፤ እርሱም ሁለት ዓመት ነግሦ በ1708 ተገደለ። በእርሱ ዘመን ዓፄ ኢያሱ ያሠሩትን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን መብረቅ መታው። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ግንቡ በምድር መናወጥ፣ ንጉሡ በልጁ እጅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በመብረቅ ተመቱ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ሁሉ «ይህ የእግዚአብሔር ቍጣ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የጐንደር ብቻ አይደለም፤ ምድር በተናወጠችበት ስፍራ ሁሉ ለካህኑ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ለዚህ የሚሰጡት መልስ አንድ ዐይነት አይደለም። ነቢዩ አሞጽ የትንቢቱን ዘመን የሚቈጥረው በንጉሡ በዖዝያን ዘመን ከሆነው የምድር መናወጥ ነው፤ በዚያ ስፍራ መናወጡ ለተግሣጽ ይታሰባል። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ሳለ ግን ምድር ስትናወጥ እግዚአብሔር በመናወጡ ውስጥ እንዳልነበረ፣ ድምፁም ኋላ በጸጥታ እንደ መጣ ተጽፏል። በፊልጵስዩስ ወህኒ ደግሞ መናወጡ የእስረኞችን ሰንሰለት ፈታ፤ የወህኒው ጠባቂም ከቤተ ሰቡ ጋራ ለመጠመቅ በቃ። በጌታችን ስቅለትና ትንሣኤም ምድር ተናውጣለች። ስለዚህ አስተዋይ መምህር «የተመታው ሰው ኀጢአቱ ምንድን ነው?» ብሎ አይፈርድም፤ የቆመው ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ይጠይቃል እንጂ። የድንጋዩ መሰንጠቅ የፍጥረት ሥርዓት ነው፤ ከስንጥቁ በኋላ የሚደረገው ግን የሰው ፈቃድ ነው፤ ፍርድም በዚህ ላይ ይሆናል።

ጐንደር ያደረገችውን ለመመዘን የሌሎችን አገሮች ከተሞች ማየት ይጠቅማል። ጐንደር ከመናወጧ 11 ዓመት አስቀድሞ፣ በጥር 11 ቀን 1693፣ በኢጣልያ ክፍል በሲሲልያ ደሴት ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ ሆኖ 60 ሺሕ ያህል ሰው ሞተ። ኖቶ የምትባለው ጥንታዊት የኮረብታ ከተማ ፈረሰች። ሹማምንቱም ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አሮጌውን ኮረብታ ትተው፣ ወደ ባሕሩ ወገን ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ አዲስ ከተማ ሠሩ፤ አሮጌዪቱም እስከ ዛሬ ፍርስራሽ ሆና ትታያለች። ራጉሳ በምትባለው ጎረቤቷ ደግሞ ሕዝቡ ተከፍሎ፣ እኵሌታው በአሮጌው ስፍራ፣ እኵሌታው ከዚያ ከፍ ባለው ስፍራ ሠራ። አዲሱ ኖቶ እጅግ ያማረ ከተማ ነው፤ ቢሆንም ሕዝቡ የአባቶቹን መቃብር ትቶ መውረድ ነበረበት።

ለተዋሕዶ ልጆች ይበልጥ የሚታወቀው የአንጾኪያ ነገር ነው። አንጾኪያ በተራራ ሥር ተመሥርታ ቅጥሯ ወደ ተራራው የሚወጣ ከተማ ነበረች። ሐዋርያት ያስተማሩባት፣ ምእመናን ክርስቲያን ተብለው መጀመሪያ የተጠሩባት፣ ቃሉ በሃይማኖተ አበው የሚነበበው የቅዱስ ሳዊሮስ መንበርም የነበረባት ናት። ሳዊሮስ ከመንበሩ ከተሰደደ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ526፣ በምድር መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ የሞቱትን ሰዎች የዘመኑ ጸሓፊ 250 ሺሕ ያደርሳቸዋል። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ528 ዳግመኛ ተናወጠች፤ የዚያን ጊዜ ስሟ ተለውጦ «ሀገረ እግዚአብሔር» ተባለች። ሆኖም በ540 የፋርስ ንጉሥ ኮስሮ መጥቶ ዘረፋት፤ ንጉሡ ዮስጢንያኖስም መልሶ አሠራት። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1268 የግብፅ ሱልጣን ቤይባርስ አጠፋት፤ በ2023 የካቲት 6 ቀንም ምድር ተናውጣ ከተማዪቱ ፈርሳለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ስም መለወጥ ግድግዳን አያጸናም፤ የሳዊሮስ ቃል ግን መንበሩ ከነበረበት ከተማ ውጭ በአባቶች መጽሐፍ ተጠብቆ ኖረ የሚል ነው።

ጐንደር እንደ ኖቶ ስፍራዋን አልለወጠችም፤ እንደ አንጾኪያም ስሟን አልለወጠችም። ነገሥታቱ ግንቡን ትተው ወደ ድንኳን ኑሮ መመለስ ይችሉ ነበር፤ የአያቶቻቸው ልማድ ነበረና። ነገር ግን በዚያው ቅጥር ውስጥ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ዓፄ ዳዊት የመዝሙርና የዜማ አዳራሽ አሠሩ። ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት ዓፄ በካፋ ታላቁን የግብር አዳራሽና የፈረስ ቤት ጨመሩ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1730 ሲነግሡ ሕፃን ስለ ነበሩ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ መንግሥቱን ያዙ፤ እቴጌይቱም በቅጥሩ ውስጥ የራሳቸውን ግንብ፣ ከከተማዪቱ ወደ ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ደግሞ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠሩ። በመብረቅ የተመታው ደብረ ብርሃን ሥላሴም ዳግመኛ ታነጸ፤ የቀድሞው ክብ ነበረ ይባላል፤ ዛሬ የሚታየው ግን ርዝማኔ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሣለው ይህ ነው።

ቀደም ብሎ የተነገረው የነገሥታቱ ልማድ የጠቀመው በዚህ ነው። አንድ ንጉሥ ለክብሩ አንድ ታላቅ ግንብ ብቻ ሠርቶ ቢሆን፣ ያ ግንብ ሲሰነጠቅ ከተማዪቱ ሁሉ ተሰነጠቀች ይባል ነበር። ብዙ ግንብ፣ ብዙ አድባራት፣ ብዙ ሠሪ እጆች ስለ ነበሩ፣ የአንዱን ጕዳት ሌላው ሸፈነው። በተጐዳው በዓፄ ኢያሱ ግንብ ላይ የቀድሞውን ወርቅና የዝሆን ጥርስ መልሶ የለጠፈ ግን የለም። ተተኪዎቹ ገንዘባቸውን ለረገፈው ጌጥ ከሚያወጡት ለአዲስ ሕንፃ ማውጣትን መረጡ። ይህ ምርጫ ጕድለትም ጥበብም አለበት። ጕድለቱ ትውልድ የአባቱን ሥራ ከመጠገን ይልቅ የራሱን ስም መትከል መውደዱ ነው፤ ጥበቡ ግን ለጠፋ ጌጥ በማልቀስ ዘመኑን አለመጨረሱ ነው።

የጐንደር እውነተኛ መታነጽ ከነገሥታቱ ሥራ ይልቅ በአድባራቱ ጉባኤ ይታያል። በትውፊት አርባ አራት ታቦት የሚባልላት ከተማ፣ በያንዳንዱ ደብር ጥላ ሥር መምህርና ደቀ መዝሙር ነበሯት። ምድር ከተናወጠች በኋላ ባለው በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ነገሥታት ሲገዳደሉ፣ መሳፍንትም ሲነሡ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ በጐንደር እጅግ በለጸገ። የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ተዘርግቶ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች ተለዩ፤ የታች ቤት መሥራች መምህር ኤስድሮስ እንደ ሆኑ ይነገራል። በበአታም የአቋቋም ትምህርት ጸና። ይህ ትምህርት በአብዛኛው በቃል የሚያዝ ነው። መምህሩ ይናገራል፤ ደቀ መዝሙሩ ይቀጽላል፤ በሌሊት ያጠናዋል፤ በማግሥቱ ያቀርበዋል። በሰው ልብ የተጻፈውን ትምህርት የምድር መንቀጥቀጥ አይሰነጥቀውም።

ይህ እውነት መሆኑን ኋላ የመጣው መከራ አረጋገጠ። ከ1769 ጀምሮ በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ በግንቡ ውስጥ በስም ብቻ ተቀመጡ። በ1866 ዓፄ ቴዎድሮስ ጐንደርን አቃጠሉ፤ የአድባራቱን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወሰዱ፤ ከመቅደላ ውድቀት በኋላም በ1868 እንግሊዞች ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹን ወደ አገራቸው ወሰዱ። በ1888 ድርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በንብ መንጋ ተጠብቆ ተረፈ ተብሎ ይነገራል። በ1941 ደግሞ በኢጣልያና በእንግሊዝ ጦርነት ጊዜ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ በምድር መንቀጥቀጥ ተጐድቶ የነበረውን የዓፄ ኢያሱን ግንብ ዳግመኛ መታው። ምድር የጀመረችውን ሰው ፈጸመው። እንግዲህ ጐንደር ከምድር መናወጥ ይልቅ በሰው እጅ የደረሰባት ጥፋት ይበልጣል። መጻሕፍቱ ሲቃጠሉና ሲወሰዱ ግን መምህራኑ በየገዳማቱና በየገጠሩ ተበትነው ጉባኤያቸውን ዘረጉ፤ ብዙ የጐንደር ትምህርት በጎጃምና በደብረ ታቦር፣ በሸዋም ተተከለ፤ ወደ ጐንደርም ተመለሰ። የአቋቋሙ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና የዚያ ዘመን ሰው ናቸው።

በ1979 የፋሲል ግንብ ቅጥር የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የምድርን እንቅስቃሴ ይመረምሩ የነበሩት ፒየር ጉዌን የተባሉ ካህን የኢትዮጵያን የምድር መናወጥ ታሪክ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳተሙ። በምርመራ እንደ ታወቀው ኢትዮጵያን ከአፋር ጀምሮ በአዋሽ፣ በዝዋይ፣ በዓባያና በጫሞ በኩል አልፎ እስከ ጨው ባሕር የሚወርድ ታላቅ የምድር ስንጥቅ ይከፍላታል። በ1961 ከሰሜን ሸዋ ወደ ወሎ በሚወስደው መንገድ በካራ ቆሬ በኩል ምድር ተናውጣ ማጀቴ ፈረሰች፤ በ1969 በአፋር ሰርዶ ፈረሰች፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያም በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ደጋግማ ስለ ተንቀጠቀጠች ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተነሣ።

ይህ ስንጥቅ በደቡብ ኦሞ በኩል ያልፋል። ዲመካ የተቀመጠችበት የሐመር ተራራማ ምድር በጨው ባሕርና በኦሞ ወንዝ መካከል ይገኛል። የሐመር ሰው ቤቱን ከጥንት ጀምሮ በእንጨትና በሣር ይሠራል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይህን አይቶ እንደ ኋላ ቀርነት ይቈጥረው ይሆናል፤ የጐንደርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን የተማሪውን ጎጆ ያስታውሳል። ዛሬ ከቅዳሜው ገበያ ዙሪያ የሲሚንቶና የድንጋይ ቤት እየበዛ ነው፤ በየከተማውም ምእመናን ገንዘባቸውን አዋጥተው ቤተ ክርስቲያንን በድንጋይ ያንጻሉ። ማነጹ የተቀደሰ ሥራ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ከባድ ጕልላት የሚያቆም ሰው መሠረቱንና ማሰሪያ ብረቱን ባወቀ መሐንዲስ ያስመርምር፤ የመንግሥት የሕንፃ ደንብም ስለ ምድር መናወጥ የደነገገው አለና ይጠብቀው። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት በውበቱ ብቻ አይመዘንም።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክር ስለ ጉባኤው ነው። በዚህ ዘመን ለጕልላትና ለቅብ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ለቅኔ ቤት፣ ለዜማ ቤትና ለመጻሕፍት መምህር ቀለብ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። መምህሩ በርኃብ ጉባኤውን ፈትቶ ቢሄድ፣ ተማሪውም መምህር አጥቶ ቢበተን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሰነጠቅ ደብሩ ፈረሰ ማለት ነው። የጐንደር ወርቅ በ1704 ከረገፈ በኋላ ማንም አልለጠፈውም፤ ከተማዪቱም ስለዚያ አልሞተችም። ጉባኤዋ ቢፈታ ኖሮ ግን ግንቧ ሁሉ ሳይነካ ቢቆም እንኳ ዛሬ የምትታሰበው እንደ ፍርስራሽ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ደብር የሚያንጽ ሁሉ በመጀመሪያ የመምህሩን ጎጆ ይሥራ፤ የተማሪውን ቀለብ ይመድብ፤ ከዚያ በኋላ ጕልላቱን ይስቀል። ምድር የምትናወጥበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ቀኑ ቢመጣ የወደቀውን መልሰው የሚያነሡትን ሰዎች አስቀድሞ ማዘጋጀት ግን ለሁሉም ተሰጥቶታል።